ጋራ ሙለታ ላይ ለወጣቶች የሥዕል ስልጠና፦ ምን ይዘን እንውጣ?

የከዚራ ጥላ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድሬዳዋ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በመጪው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከግራዋ ከተማ ወጣ ብላ ጋራ ሙለታ ወገብ ላይ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ለወጣቶች የአንድ ሳምንት የሥዕል ስልጠና ልንሰጥ ተነሥተናል። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 20 ይሆናል። ቦታው የተመረጠው አንደኛው ጓደኛችን እዚያ ዘመድ ስላለው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ይሁን እንጂ ከልጆቹ ብዙዎቹ ከመምህራቸው ጠመኔ በቀር ቀለም በእጃቸው ይዘው አያውቁም ስለተባልን ነገሩን ለመተው አልቻልንም።

ገንዘቡ ጥቂት ነው። ከፊሉ ከኪሳችን፣ ከፊሉ ከአንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴው የሰጠን ስሙ የተጻፈበት ባነር እንድንሰቅልና ለልጆቹ የምስክር ወረቀት እንድናድል ተስማምተን ነው። የውሃ ቀለም፣ አክሪሊክ፣ ሸራና ብሩሽ ዋጋ ስንጠይቅ ግን ራሳችንን ያዝን፤ ሸራው ብቻውን በጀቱን ይበላዋል። ልምድ ያላችሁ ሰዎች፣ ምን ይዘን እንውጣ? ማንንስ ቀድመን እናነጋግር?

ደንገጎ

መጀመሪያ ክረምቱን ተዉት። በዚያ መስመር ጭነት እመላለሳለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መኪናው ወጣ ቢባል እንኳ ልጆቹ ከየመንደራቸው በዚያ ጭቃ እንዴት ይመጣሉ? ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው፣ ከዝናቡ በኋላ ጉም ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጋራ ሙለታ ጫፍ ከ3 ሺህ 300 ሜትር ያልፋል። የድሬ ሰው በሸሚዝ ወጥቶ ማታ ብርድ ልብስ ሲለምን ብዙ አይቻለሁ። ሥዕል አላውቅም፤ ነገር ግን የታጠበ ልብስ በማይደርቅበት ወር የእናንተ ቀለም መቼ እንደሚደርቅ አስቡት።

ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ በጥር፣ በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ዕረፍት ሂዱ። ቀኑ ብራ ነው። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ።

የሸዋ በር

ባነሩንና የምስክር ወረቀቱን ሳነብ ሣቅሁ፤ በክፋት አይደለም። ሐረር ከወጣቶች ጋር ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል፤ ወደ ገጠር የሚወጡትን ስልጠናዎችም አያለሁ። አካሄዳቸው አንድ ነው። መኪና ይመጣል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የስም ዝርዝር ይዞራል፣ ልጆቹ ይፈርማሉ። ቀጥሎ «አበል አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በልጆቹ አትፍረዱ፣ ቀድመው የመጡት ናቸው ያስለመዷቸው። ፎቶ ይነሣና መኪናው ይሄዳል።

ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት እንዲህ አድርጎ ከሄደ በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ቀለሞቹ የት ደረሱ ብዬ ጠየቅሁ። ርእሰ መምህሩ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ አስመጥቶ ካርቶኑን አወጣልኝ። ባለ 24 የውሃ ቀለም ሣጥኖች፣ ፕላስቲካቸው እንኳ ያልተቀደደ። አንዱን ከፍቼ ቱቦውን ብጫነው ፍንክች አላለም፤ ውስጡ ደርቋል። «ልጆቹ ይጨርሱታል ብለን ነው፤ ሰዎቹ ተመልሰው ቢመጡ ምን እናሳያለን?» አለኝ። አልፈረድሁበትም። ሲያልቅ የሚተካበት መንገድ የሌለው ቀለም ይቆለፋል እንጂ አይሠራበትም። ስለዚህ የከዚራ ጥላ፣ «ምን ይዘን እንውጣ» ከማለትህ በፊት «ስንመለስ ምን ይቀራል» ብለህ ጠይቅ።

የጋራው መምህር

እኔ እዚያው ተራራ ላይ ተወልጄ እዚያው አስተምሬአለሁ፤ አሁን ኑሮዬ ሐረር ነው። ልጅ ኢያሱ ታስረው የኖሩበት አገር እየተባለ ሲጠቀስ እንጂ ለሌላ ጉዳይ ስሙ ሲነሣ ብዙም ስለማልሰማ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። የማውቀውን ልንገርህ።

ማንን እናነጋግር ላልኸው፣ የወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ቀበሌው አያስተናግድህም። ደብዳቤው ግን የሚከፍትልህ የቢሮ በር ነው። የቤቱን በር የሚከፍቱት ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ናቸው። ስለዚህ ቀለም ሳትይዝ አንድ ጊዜ ሂድ። ቡና ጠጣ፣ ተጠየቅ፣ መልስ ስጥ። ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁህ ሥዕሉ ምን እንደሚጠቅም አይደለም፤ ልጆቻቸው ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ አንተ የምትወስነው የለም። ጫት ቅጠሉ ሳይጠወልግ አወዳይ መድረስ አለበት፤ የቆረጣው ሰዓት የቤተሰቡን ሰዓት ሁሉ ይወስናል። ወንዶቹ ልጆች ከዚያ ያገኛሉ። አንድ ቀን የቀረ ልጅ የዚያን ቀን ገንዘብ አጥቷል፤ አበል ሲጠይቅህ ይህንም አስታውስ። ሴቶቹ ውሃና እንጨት አለባቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ቁርአን ቤት ይቀራሉ። ዓርብ ቀትርን ከናካቴው እርሳው። ሙሉ ቀን ሳምንት ሙሉ ከማለት በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለሁለት ሳምንት ብታደርገው ይሻላል፤ ሰዓቱንም እነሱ ይንገሩህ። ሴቶች ልጆች እንዲመጡ ከፈለግህ ከአስተማሪዎቹ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፣ ቦታውም ከውሃው መንገድ አይራቅ። ጀሪካኗን አስቀምጣ መግባት የምትችል ልጅ ትመጣለች፤ ቤቷ አድርሳ መመለስ ያለባት አትመጣም።

ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ብታስተምር አንገታቸውን ይነቀንቁልሃል፤ ስለገባቸው አይምሰልህ፣ ለእንግዳ ክብር ነው። አስተርጓሚ መሃል ሲገባ ደግሞ ቀልዱ ሁሉ ይሞታል፤ ሥዕል ያለ ቀልድ አይማሩትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕይወት ያለውን ነገር መሣል የማይወድ ወላጅ ልታገኝ ትችላለህ። አትከራከር፤ በሰው ፊትም አትጀምር። በመስመር፣ በጌጥ፣ በቤት፣ በተራራ ጀምር። ሽማግሌዎቹ ሥራውን ካዩት በኋላ የሚሉትን ይበሉ። እኔ ሳስተምር ላም የሣለች ልጅ አያት መጥተው ቀንዱ ተሳስቷል ብለው አርመው ሄዱ፤ ሌላ ጭቅጭቅ አልነበረም።

ወስፌ

ጁገል ውስጥ ስፌት እሰፋለሁ። ይህን ሁሉ ሳነብ «ቀለም በእጃቸው ይዘው አያውቁም» የሚለው አላስቀመጠኝም። ወንድሜ፣ የልጆቹን እናቶች ቤት ገብተህ አይተሃል? የወተቱን ዕቃ ክዳን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ሰፌድ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ጨሌ አይተሃል? ቀይና ብርቱካናማውን የት ጋ ከጥቁር ማጠጋት እንደሚገባ ከእናንተ የሚማሩት አይመስለኝም።

በእኛ ቤት ጊደር ጋር፣ ማለት በትልቁ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ስፌት ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፤ ቦታ ቦታ አለው፣ ጥንድ ጥንድ ነው። ስፌት ስንጀምር ከመሃል ነው። ጌጡን ወረቀት ላይ የሚሥለው የለም፤ ሁሉም በቆጠራ ነው። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ቁጥሩም አብሮ ይጨምራል። አንድ ጥልፍ ከተሳትሽ ያን ጊዜ አይታወቅሽም፤ ጥቂት ዙር ከሄድሽ በኋላ የጌጡ ጫፍ ከጫፍ አይገጥምም፣ ያን ጊዜ መፍታት ነው። እናቴ ወስፌውን ከእጄ ወስዳ ዝም ብላ ትፈታው ነበር። ቁጣ እንኳ አልነበረውም። ይህ የሥዕል ትምህርት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እናንተ የምታውቁትን አስተምሩ፤ ግን እዚያው ያሉትን ሴቶች አስተማሪ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እንግዳ አድርጋችሁ ሳይሆን፣ አስተማሪ አድርጋችሁ።

ቀይ አፈር

ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ወጥቻለሁ፤ አፈር ሙያዬም በሽታዬም ነው። የሸዋ በር ያነሣችው የተቆለፈው ሣጥን መፍትሔ ከእግራችሁ ሥር ነው።

ለድሬዳዋ ሰው ይህን መንገር ራሱ ያሳፍራል። ከከተማችሁ ብዙም ሳይርቅ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 በፈረንሳውያኑ በቴያር ደ ሻርደንና በሄንሪ ደ ሞንፍሬ አማካይነት ለጥናት ከታወቀ ወዲህ ሲቆፈር ከ4 ሺህ 200 በላይ የቀይ ቀለም ድንጋይ ስብርባሪ ወጥቶበታል። ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ዕድሜውም 40 ሺህ ዓመት አካባቢ ነው። የተፈጨበት ድንጋይም አብሮ ተገኝቷል። ለገ ኦዳ ያሉትን በዋሻ ግድግዳ የተሣሉ ከብቶች ያየ ደግሞ ያ ቀይ ምን ያህል እንደሚቆይ ያውቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማ አፈር ለየብቻው ሰብስቡ፤ መንገድ ሲቆረጥ የሚታየው ገደል ጥሩ ነው። አድርቁት፣ በሙቀጫ ውቀጡት፣ በወንፊት ንፉት። ከዚያ በባልዲ ውሃ በጥብጡትና ትንሽ ቆዩ፤ አሸዋው ይዘቅጣል። የደፈረሰውን ውሃ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡ። ሲያድር ደቃቁ ይረጋል፣ ጥሩው ውሃ ከላይ ይቀራል። ውሃውን ድፉት፣ ጭቃውን ፀሐይ ላይ አድርቁት። የቀረው ዱቄት ቀለማችሁ ነው። ልጆቹ በጣም የሚወዱት ይህን ክፍል ነው፤ ከአንድ ገደል የተዛቀው አፈር ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀይ ሲሆን ያያሉ።

ማጣበቂያው የእንቁላል አስኳል ነው፤ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ከዱቄቱ ጋር አሹት። በዚያው ቀን ካልተሠራበት ይሸታል፤ ስለዚህ በቡና ስኒ ልክ ብቻ በጥብጡ። እንቁላሉ የሚያሳሳ ከሆነ የግራር ሙጫ ሰባብራችሁ በሙቅ ውሃ አሳድሩ፤ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ከእጣን ነጋዴዎች ጠይቁ። ጥቁሩ ከከሰል ነው። ለመሣያ የሚሆነውን ከሰል ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፤ ቀጫጭን ጭራሮ ልጣጩን አንሥቶ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አጭቆ፣ ክዳኑን በምስማር በስቶ እሳት ውስጥ መክተት ነው። ከቀዳዳው ጭስ መውጣት ሲያቆም አውጡት። ሳይበርድ እንዳትከፍቱት፤ አየር ካገኘ አመድ ይሆናል። ለነጭ የጠመኔ ዱቄት ይበቃል። ብሩሹ መፋቂያ ነው። ጫፉን ማኘክ ነው፣ ማንም ልጅ ያውቅበታል።

ሸራ

ይቅርታ፣ ይህ ውይይት ወደ አንድ ወገን እየተንጋደደ ነው። ሠዓሊ ነኝ፤ ኑሮዬም ከዚሁ ነው። «የተራራ ልጅ በአፈር ይሣል፣ የከተማ ልጅ በአክሪሊክ» የሚለውን ነገር አልቀበልም። ከተማ ውስጥ የሀብታም ልጆች ስታስተምሩ ገደል ሂዱና አፈር ዛቁ ትሏቸዋላችሁ? ድህነትን ባህል ብሎ ማሞገስ የለመደብን ነገር ነው።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ ብራና የሚጽፉና የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ። ልጁ የብራና ቀለም ቤት ውስጥ አድጎ አልቀረም፤ ኮሎኝ ሄዶ ተምሮ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ከተሣለው ሁሉ ሌላ ነገር ሣለ። እዚያ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ እውነተኛ ሸራና እውነተኛ ብሩሽ መቼ ሊነካ ነው? አዲስ አበባ ለመግቢያ ፈተና ሲቀርብ መፋቂያ ይዞ ሊቀርብ ነው?

ቀይ አፈር

ሸራ፣ ነገርህ ሚዛን ይደፋል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልስማማም። አፈሩን ያመጣሁት ርካሽ ስለሆነ አይደለም። አስተማሪው ከሄደ በኋላ ልጁ ያለ ማንም ፈቃድ ሊሠራበት የሚችለው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ደግሞ የሰጠኸውን ምሳሌ ልብ በለው፤ ገብረ ክርስቶስ ከቤቱ ሲወጣ ባዶ እጁን አልነበረም፣ ቀለም ምን እንደሆነ አባቱ ቤት አይቶታል።

በሌላ በኩል አፈር በቀላሉ የማይሰጠው ሁለት ቀለም አለ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ። ከቅጠል የሚጨመቀው አረንጓዴ ፀሐይ ሲያየው ይገረጣል። በመስኮት ሲያዩት ደግሞ ጋራ ሙለታ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች አረንጓዴ ነው። እነዚህን ሁለቱን ግዙላቸው፤ ሌላውን ያውጡት።

የቀፊራ ልጅ

እኔ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የተማርሁት የሰው ብሩሽ በጋዝ እያጠብሁ ነው። አንዱም ያልጠየቃችሁትን ልጠይቅ። ልጆቹ ራሳቸው ምን መሣል ይፈልጋሉ?

እኔ ልንገራችሁ። ወደ ላይ የሚወጣውን አይሱዙ ግንባርና ጎን እዩት። አዳዲስ የቆርቆሮ ቤቶች የብረት በር እዩት፤ አበባው፣ ኮከቡ፣ መስመሩ። ያን የሚሠራው ሰው እዚያ አገር ጌታ ነው፤ ይከፈለዋልም። የዘይት ቀለሙ ደግሞ የብረታ ብረት ሱቅ ባለበት ከተማ ሁሉ ይሸጣል። ሸራ ለሚጠይቀው እውነተኛ ቀለም ከዚህ የበለጠ እውነተኛ አላውቅም፤ ሲያልቅ ይገዛል፣ የተሣለበት በር ይሸጣል።

ፊደል አስተምሯቸው። በቁቤ የተጻፈ የሱቅ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ፣ ቦታው ተለክቶ ሲወጣ ማየት ለ18 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። እርሳስ፣ ክርና ጠመኔ ይበቃል። ክሩን በጠመኔ ቀብታችሁ ሁለት ሰው ወጥሮ ጫፍና ጫፍ ይያዝ፣ መሃሉን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ መስመሩ ቁጭ ይላል። ከዚያ የፊደሉን ስፋት መቁጠር ነው፤ እህታችን ወስፌ እንዳሉት፣ ይህም ቆጠራ ነው። ስትሠሩ መስኮት ክፈቱ፤ የማቅጠኛው ሽታ በተዘጋ ክፍል ራስ ያዞራል፤ ትንንሾቹንም አታስጠጉ።

ሸራ

በሩን አላሰብሁትም ነበር። ሸራውን ትቼዋለሁ። ጥሩ ወረቀት ግን ይኑር፤ የደብተር ወረቀት በእንቁላል ሲረጥብ ይቀደዳል፣ ልጁም ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ጠንካራውን ካርቶን እኔ አዋጣለሁ።

የሸዋ በር

ሥዕሎቹ የት እንደሚቀሩም ተነጋገሩ። ወደ ድሬዳዋ አምጥታችሁ ኤግዚቢሽን ልታሳዩበት ካሰባችሁ ልጆቹን አስፈቅዱ፣ መልሱላቸውም። ፎቶ ከተነሣ በኋላ የሥዕሉ ባለቤት የማይታወቅበት ነገር በዝቷል።

የከዚራ ጥላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጓደኞቼን አነጋግሬአለሁ። ወደ ጥር አዛውረነዋል። ከዚያ በፊት እኔና አፋን ኦሮሞ የምትናገረው ባልደረባችን ቀለም ሳንይዝ ወጥተን እናቶቹንና ሽማግሌዎቹን እናነጋግራለን፤ ሰዓቱንም እነሱ ይቆርጡልናል። ከከተማ የምንገዛው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ካርቶንና እርሳስ ነው። የበሩን ቀለም እዚያው ግራዋ እንገዛለን፤ ለሙከራ የሚሆን አሮጌ የብረት በር የሚሰጠን እናፈላልጋለን። ነጋዴው የምስክር ወረቀቱ መቅረቱን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ከገንዘቡ ግማሹን ይዞ ቀርቷል። ባነሩ የቀረው በዚያ ምክንያት ነው፤ ምስጋናው የእኛ እንዳይመስላችሁ።

አልፈታ ያለኝ አበሉ ነው። አንከፍልም ብንል የጫት ቆራጮቹ ልጆች አይመጡም፤ እንከፍላለን ብንል ለገንዘቡ የሚመጣው ይበዛል። የጋራው መምህር ምን ይላሉ? እህቴ ወስፌ ደግሞ፣ አብረውን ቢወጡ ደስታችን ነው።

የጋራው መምህር

ጥሬ ገንዘብ አትስጥ፤ ምሳ አብላ። እዚያው ያሉ እናቶች ይሥሩት፣ ለእነሱ ክፈል። በር የቀቡት ልጆች ደግሞ በሩ ከተሸጠ ድርሻቸውን ይውሰዱ። ቆራጮቹን በገበያ ማግስት ጥራቸው፤ ያን ቀን ሥራው ቀለል ይላል።

ደንገጎ

እንቁላሉን ከላይ ግዙ። ከድሬ ጭናችሁ ከወጣችሁ በዚያ መንገድ የሚተርፈው አስኳል አይደለም። ባልዲውንና ወንፊቱን እኔ አደርስላችኋለሁ።

ወስፌ

እመጣለሁ፤ ሦስት ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ብቻዬን አልሄድም፣ የወንድሜ ሚስት ትመጣለች። ትምህርት ቤት ወለል ላይ አላድርም፤ ሴቶች ያሉበት ቤት ይፈለግልኝ። ለሥዕል አስተማሪው የምትከፍሉትን ለእኔም፣ እዚያ ለሚያስተምሩት ሴቶችም ትከፍላላችሁ። ሣሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ዋጋው ለብቻው ነው።